‹ኢትዮጵያ›፣ ‹ሐበሻ› እና ከይፋት ቆላ የሚታይ የስም ክርክር

ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ደሴ የሚወርደው መንገድ ስም ለሚያጠና ሰው ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ደብረ ሲና ስሟን የወሰደችው ከሙሴ ተራራ ነው። ሸዋ ሮቢት የሮቢ ወንዝ ጎረቤት ናት። ጀውሃ ከወንዟ ጋር አንድ ስም ትጋራለች። ሰንበቴን ያስጠራት አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት የእሑድ ገበያዋ ነው። ቀጥላ የምትመጣው አጣዬ ደግሞ ሁለት ስም አላት። በወረቀት ‹ኤፌሶን› ስትባል ኖራለች፤ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላትን የእስያዋን ከተማ ስም ማለት ነው። ገበያተኛውና ሾፌሩ ግን አጣዬ ማለቱን አልተወም። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ስም ከመጽሐፍም፣ ከወንዝም፣ ከገበያም ሲወጣ ይታያል፤ አንዱ ሥር ይሰድዳል፣ ሌላው ከማኅተም አያልፍም።

የአገሪቱ የራሷ ስም ከየትኛው ወገን ነው? ከመጽሐፍ መጥቶ ሥር የሰደደ ነው ወይስ ከአፈሩ የበቀለ? ጥያቄው ያረጀ ነው፤ መልሱም እንደ መላሹ ይለያያል። አንዱ ወገን ‹ኢትዮጵያ› የግሪክ ቃል ነው፣ ፍቺውም ‹የተቃጠለ ፊት› ነው ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ስሙ የኩሽ ልጅ ከሆነው ከኢትዮጲስ የመጣ ነው፣ ግሪኮቹ ከእኛ ወስደው አጣመሙት ይላል። ሁለቱ ወገኖች ለዓመታት ሲነታረኩ ከቆዩ በኋላም አንድ ትልቅ ነገር ከክርክሩ ውጭ ቀርቷል። አገሪቱ ሁለተኛ ጥንታዊ ስም አላት፤ እርሱም ‹ሐበሻ› ነው። ይህን ስም በዐረብኛ ጽፈው ካቆዩት ምንጮች መካከል ከጀውሃና ከሸዋ ሮቢት ዙሪያ፣ ከጥንቱ የይፋት ሱልጣኔት ጋር የተያያዙት ቀላል ቦታ የላቸውም። በዚህ ዳሰሳ ሁለቱንም ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ዘመናቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከግሪኩ እንጀምር። ‹አይቲዮፕስ› የሚለው ቃል ‹አይቶ› (ማቃጠል) እና ‹ኦፕስ› (ፊት) ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው የሚለው ማብራሪያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሆሜር በ‹ኢሊያድ›ም በ‹ኦዲሲ›ም እነዚህን ሰዎች ያነሣል፤ በዓለም ዳርቻ የሚኖሩ፣ አማልክቱ ሳይቀሩ ለግብዣ የሚሄዱላቸው ነቀፋ የሌለባቸው ሕዝቦች ናቸው። በ‹ኦዲሲ› ደግሞ ለሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ ፀሐይ በምትወጣበት፣ ገሚሶቹ በምትገባበት እንደሚኖሩ ይነግረናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ሄሮዶተስ እንዲያውም ከሰው ሁሉ ረጃጅሞቹና መልከ መልካሞቹ እነርሱ እንደሆኑ የሰማውን መዝግቧል። ስለዚህ ‹ግሪኮቹ ሊሰድቡን ያወጡት ስም ነው› የሚለው ቅሬታ መሠረት የለውም። ቃሉ መልክን ይገልጻል፤ ንቀት አልተሸከመም።

የቃሉ አመጣጥ ግን እንደሚባለው ያለቀለት ጉዳይ አይደለም። በደቡብ ግሪክ ፒሎስ በተባለው ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ በተገኙ የሸክላ ጽሑፎች ላይ ይኸው ቃል የአንድ ግለሰብ መጠሪያ ሆኖ ይገኛል፤ ይህም ከሆሜር በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ነው። የሆላንዱ የቋንቋ ሊቅ ሮበርት ቤክስ በ2009 ባሳተሙት የግሪክኛ ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት ‹የተቃጠለ ፊት› የሚለውን ፍቺ ተጠራጥረውታል፤ ግሪኮቹ ከቀደመ ሕዝብ የወረሱትን ባዕድ ስም በራሳቸው ቃላት አስመስለው ተርጉመውት ሊሆን ይችላል ባይ ናቸው። ይህ ከሆነ ‹የተቃጠለ ፊት› ራሱ የግሪኮች አፈ ታሪክ ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ የፀሐይ አምላክ ልጅ ፌቶን ሠረገላውን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ምድር በቀረበ ጊዜ የነዚህ ሰዎች ቆዳ ጠቆረ ብሎ የተረከው ያንኑ ፍቺ ይዞ ነው። ቤክስን ተከትሎ ስሙ የኛ ነበር ለማለት የሚቸኩል ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ ሊቁ የተጠራጠሩት የግሪኩን ፍቺ ብቻ ነው፣ የአክሱምን ባለቤትነት የሚያሳይ ነገር አላቀረቡም።

የዚያን ዘመን ኢትዮጵያ ደግሞ ዛሬ የምናውቃት አይደለችም። ሄሮዶተስ ዋና ከተማዋ ሜሮኤ ናት ይላል፤ ሜሮኤ በዛሬዋ ሱዳን፣ በአባይ ዳር ናት። ግብጽን የገዛውን 25ኛውን ሥርወ መንግሥት የታሪክ ጸሐፊዎች ለረጅም ጊዜ ‹የኢትዮጵያ ሥርወ መንግሥት› ሲሉት የኖሩት ከዚሁ ተነሥተው ነው። ስሙ በዚያ ደረጃ ከግብጽ በስተ ደቡብ ላለው ጥቁር ሕዝብ ሁሉ የተሰጠ ሰፊ መጠሪያ ነበር።

ስሙን ከግሪክ ጂኦግራፊ አውጥቶ የእምነት ስም ያደረገው ትርጉም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ የአይሁድ ሊቃውንት ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክኛ መመለስ ጀመሩ። ዕብራይስጡ ‹ኩሽ› በሚልበት ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ እነርሱ ‹አይቲዮፒያ› አሉ። በዚህ አንድ የትርጉም ውሳኔ ከገነት ከሚወጡት አራት ወንዞች አንዱ የሆነው ግዮን የኢትዮጵያን ምድር የሚከብብ ሆነ፤ ቲርሐቅ የኢትዮጵያ ንጉሥ ተባለ፤ በግእዙ ቁጥር 67ኛው መዝሙር ላይ እጇን ወደ እግዚአብሔር የምትዘረጋው ኢትዮጵያ ሆነች። በሐዋርያት ሥራ 8 የሕንደኬ ጃንደረባ ሲጠመቅም አገሩ ኢትዮጵያ ናት፤ ‹ሕንደኬ› ግን የሜሮኤ ንግሥቶች ማዕረግ መሆኑን ሁሉም አጥኚ ይስማማበታል።

የግእዝ ተርጓሚዎች በ4ኛውና በ6ኛው መቶ ዘመን መካከል መጽሐፍ ቅዱስን ከግሪክኛ ሲመልሱ ስሙን እንዳለ ተቀበሉት። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ ማስረጃ ፊደላችን ራሱ ይዞልናል። ‹ጰ› በግእዝ ውስጥ በአመዛኙ ከግሪክኛ ለመጡ ቃላት የምታገለግል ፊደል ናት፤ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ጳጳስ፣ ኤጲስ ቆጶስ፣ ጰራቅሊጦስ። ኢትዮጵያም ከነርሱ ጋር ተሰልፋለች። ስሙ ከአገር ቤት ወደ ግሪክ ሄዶ ቢሆን ኖሮ፣ በአገር ቤት የጽሑፍ ቋንቋ ውስጥ የእንግዳ ቃል ልብስ ለብሶ ባልተገኘ ነበር። ለእኔ በክርክሩ ውስጥ ከማንኛውም የግሪክ ጥቅስ የሚበልጥ ክብደት ያላት ይህች አንዲት ፊደል ናት።

ወደ ድንጋዮቹ ስንሻገር ጉዳዩ ይበልጥ ይጥማል። ኮስማስ የተባለው ግብጻዊ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዘመን አዱሊስ ወደብ ላይ ያገኘውንና ስሙ ያልቀረ የአክሱም ንጉሥ ያስቀረጸውን የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦልናል። ንጉሡ ድል ያደረጋቸውን አገሮች ሲዘረዝር በስተ ምዕራብ ‹እስከ ኢትዮጵያና ሳሱ ምድር› ድረስ ደረስሁ ይላል። ልብ በሉ፤ ለዚህ የአክሱም ንጉሥ ኢትዮጵያ የጎረቤት አገር ናት። እርሱ ራሱ ገና ኢትዮጵያዊ አይደለም።

ከዚያ በ4ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ኢዛና መጣ። በሦስት ጽሕፈት ያስቀረጸው የታወቀው ድንጋይ ላይ የግዛቱ ዝርዝር በግሪክኛው ‹የአክሱማውያን፣ የሕምያር፣ የረይዳን፣ የኢትዮጵያውያን፣ የሳባ …› እያለ ይሄዳል። በግእዙ ላይ ‹የኢትዮጵያውያን› በሚለው ቦታ የተቀመጠው ቃል ‹ሐበሸት› ነው። ሁለቱ ስሞቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ሲቆሙ የምናየው እዚህ ነው፤ ለውጭ አንባቢ ኢትዮጵያ፣ ለአገር ቤት አንባቢ ሐበሸት። ከዚህም በላይ ያው ዝርዝር ወረድ ብሎ ‹ካሱ›ን፣ ማለትም ኩሽን፣ ሜሮኤን፣ ለብቻው ይጠራል። የእስክንድርያ ተርጓሚዎች ኩሽና ኢትዮጵያን አንድ አድርገው ነበር፤ የኢዛና ጸሐፊ ለያያቸው። ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ከአባይ ዳር አንሥቶ አክሱም ላይ የተከለው የእርሱ ድንጋይ ነው።

ይህ ሽግግር ወዲያው በዓለም ዘንድ የታወቀ አልነበረም። የመጀመሪያው ጳጳስ ፍሬምናጦስ ወደ አክሱም እንዴት እንደ መጣ የጻፈው የታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ አገሪቱን ‹ሕንድ› ይላታል። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆንስታንቲዮስ ዳግማዊ ለኢዛናና ለወንድሙ የላከው ደብዳቤ የአክሱም ገዦች ብሎ ነው የሚጠራቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ ማርኮ ፖሎም ‹መካከለኛዋ ሕንድ› እያለ ይጽፋል። ስሙን ውጭ ያለው ሰጠ፤ ውጭ ያለው ሲረሳው ግን ይዞ የቆየው የግእዙ መጽሐፍና የነገሥታቱ ጽሕፈት ቤት ነው።

አሁን ወደ አፈ ታሪኩ። ‹መጽሐፈ አክሱም› ተብሎ በሚታወቀው የግእዝ ድርሳን ከተማዋ መጀመሪያ የነበረችው መዘብር በተባለ ቦታ እንደሆነ፣ የካም ልጅ የኩሽ ልጅ ኢትዮጲስም ከዚያ ሥፍራ ጋር እንደሚያያዝ ተጽፏል። ኢትዮጲስን የአገሪቱ ስም አባት የሚያደርገው ትውፊት ዋና መሠረቱ ይህ ነው። ትውፊቱን እንደ ታሪክ ለመውሰድ የሚያስቸግረው የመጀመሪያው እንቅፋት ራሱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 የኩሽን ልጆች በስም ይዘረዝራል፤ ሳባ፣ ኤውላጥ፣ ሰብታ፣ ራዕማ፣ ሰበቃታ፣ ከዚያም ናምሩድ። ኢትዮጲስ የለበትም። ሊኖርበትም አይችልም፤ ምክንያቱም ‹ኢትዮጵያ› የ‹ኩሽ› የግሪክኛ ትርጉም ከሆነ፣ ኢትዮጲስን የኩሽ ልጅ ማድረግ አንድን ሰው የራሱ ልጅ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ከሮም ይመጣል፤ ይህ በአማርኛ ጽሑፎች ብዙም አይነሣም። በ1ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፕሊኒ፣ ይህች አገር መጀመሪያ ‹ኤቴሪያ›፣ ቀጥሎ ‹አትላንቲያ›፣ በመጨረሻም የእሳት አምላክ የቩልካን ልጅ በሆነው በ‹ኤቲዮፕስ› ስም ኢትዮጵያ ተባለች ብሎ ጽፏል። እንግዲህ የአገር ስም ካለ ስሙን የሰጠ አባት ይኑር የሚለው አስተሳሰብ የኛ ብቻ አይደለም። ሮማዊው ከእሳት አምላክ ወለደው፣ የአክሱሙ ሊቅ ከኩሽ ወለደው። ሁለቱም ስሙን አስቀድመው አግኝተው ሰውዬውን ኋላ ፈለጉት።

በ20ኛው መቶ ዘመን ትውፊቱ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1922 ራስ ተፈሪ ለእንግሊዛዊው ቻርልስ ሬይ የሰጡት የነገሥታት ዝርዝር ከክርስቶስ ልደት በፊት ብዙ ሺህ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ‹ሐበሲ› የሚባል ንጉሥም ‹ኢትዮጲስ› የሚባል ንጉሥም ይገኝበታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1921 ዓ.ም. ባሳተሙት ‹ዋዜማ› ይህንኑ መስመር ይዘዋል። ጀርመናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ማንፍሬድ ክሮፕ እንዳሳዩት ግን የዝርዝሩ ጥንታዊ ክፍል ሉዊ ሞሪዬ የተባለ ፈረንሳዊ በ1904 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ነገሩ ትንሽ ያስፈግጋል። ‹የነጭ ታሪክ አንቀበልም› ብለን የምንመዝዘው ዝርዝር ከፓሪስ የተመዘዘ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ የመጡትን ፍቺዎች በፍጥነት ልለፋቸው። ‹ዮጵ› ማለት ወርቅ ነው፣ ኢትዮጵያም የቢጫ ወርቅ ስጦታ ናት የሚል ማብራሪያ በየመጽሐፉና በየመድረኩ ይሰማል፤ በግእዝ ግን ወርቅ እንደ አማርኛው ወርቅ ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስሙን ከጥንታዊት ግብጽ ቃላት አውጥተው የላቀ ሰላም ምድር የሚል ትርጉም ሰጥተውታል። ይህ የባለቅኔ ፍቺ ነው፤ እንደ ቅኔ ያምራል፣ እንደ ሥርወ ቃል ግን ማስረጃ አልቀረበለትም። ‹ብሔረ አግዓዚ› የሚለው የግእዝ መጠሪያም አለ፤ ነጻ ሕዝብ ተብሎ ይተረጎማል፤ የቋንቋው የግእዝ ስም ዘመድ ነው። የአዱሊሱ ጽሑፍ ‹ጋዜ› የሚባል ሕዝብ መጥቀሱ ጥንታዊነቱን ያሳያል። ከመጽሐፍ አልፎ ግን የአገር ስም ለመሆን አልበቃም።

ታዲያ አፈ ታሪኩ ሐሰት ከሆነ ለምን እናጠናዋለን? ምክንያቱም አፈ ታሪክ መቼና ለምን እንደ ተፈለገ ራሱ ታሪክ ነው። ይህን ደግሞ ከይፋት የተሻለ የሚያሳይ ቦታ የለም።

‹ክብረ ነገሥት› ወደ ግእዝ የተመለሰው በ1314 እና በ1322 መካከል እንደሆነ ይገመታል፤ መጽሐፉ በመዝጊያው እንደሚገልጸው የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልደረቦቹ ከዐረብኛ ተረጎሙት። የሚሰጠው የቃሉን ፍቺ ሳይሆን የነገሥታቱን ዘር ነው፤ ንግሥተ ሳባ፣ ሰሎሞን፣ ልጃቸው፣ ታቦተ ጽዮን። ዓለምንም ከኢየሩሳሌም መካከል ለሁለት ከፍሎ ገሚሱን ለሮም ንጉሥ፣ ገሚሱን ለኢትዮጵያ ንጉሥ ይሰጣል። በዚያን ጊዜ ዙፋኑ ላይ የነበረው አፄ ዓምደ ጽዮን ነው። ይኸው ንጉሥ በ1332 ገደማ ከይፋቱ ሱልጣን ከሰብረዲን ጋር ያደረገው ጦርነት በግእዝ ዜና መዋዕል ተተርኮለታል። የኢትዮጵያን ስም በዘር ሐረግ ያጸናው መጽሐፍና ይህን ቆላ ለደጋው ንጉሥ ያስገበረው ዘመቻ የአንድ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ሰብረዲን አሸንፌ ማርዓዴ ላይ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደ ፎከረ ዜና መዋዕሉ ይነግረናል፤ ማርዓዴ የንጉሡ ከተማ ነበረች።

በወዲያኛው ወገን የነበሩት የይፋት ገዦች፣ ወለስማዎችም፣ ያለ ዘር ሐረግ አልቀሩም። ዑመር ወለስማ የሸዋን ሱልጣኔት በ1285 ደምስሶ ይፋትን ካቆመ በኋላ ሥርወ መንግሥቱ ከቁረይሽ የሚወለድ መሆኑ ይነገርለት ጀመር። በ15ኛው መቶ ዘመን የጻፈው የካይሮው አልመቅሪዚ ከነቢዩ አጎት ልጅ ከዐቂል እንደሚወለዱ የተባለውን ይጠቅሳል፤ የወለስማዎቹ የራሳቸው ዜና መዋዕል ደግሞ ከሐሰን ቢን ዐሊ ያወርዳቸዋል። እነርሱ ያፈረሱት የሸዋ ሱልጣኔትም ከመኽዙም ነገድ እወለዳለሁ ባይ ነበር። ከገደሉ ላይ ሰሎሞን፣ ከገደሉ ሥር ቁረይሽ። ሁለቱም ቤት ክብሩን ከቀይ ባሕር ማዶ ያመጣል። ደጋው ኢየሩሳሌምን ሲመለከት ቆላው መካን ተመለከተ፤ የሚፈልጉት ግን አንድ ነገር ነው፤ ይህን ምድር የምንገዛው በዘፈቀደ አይደለም የሚል ማረጋገጫ።

የአርጎባም ነገር ከዚሁ ይገባል። ‹አርጎባ› ማለት ‹ዐረብ ገባ› ነው የሚለው ፍቺ በይፋት የታወቀ ነው። የአርጎባ ቋንቋ ግን ከአማርኛ ጋር ቅርብ ዘመድ የሆነ የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ዐረብ ገብቶ ቋንቋውን ጥሎ አማርኛ ቀመስ አርጎብኛ ፈጠረ ማለት ያስቸግራል። ፍቺው ራሱ ‹ገባ› የሚለውን የአገር ቤት ግሥ ሳይዝ መቆም አይችልም። ኢትዮጲስን የወለደው የአስተሳሰብ መንገድ እዚህም አለ፤ በአነስተኛ መጠን፣ በሌላ ሃይማኖት።

እዚህ ላይ ነው ‹ሐበሻ› የሚገባው። አልዑመሪ የተባለው የማምሉክ ዘመን ጸሐፊ (በ1349 ሞተ) ሼኽ ዐብደላ አዝዘይላዒ ከተባሉ ሰው የሰማውን ይዞ በሐበሻ ምድር ያሉ ሰባት የእስላም መንግሥታትን ይዘረዝራል። የመጀመሪያው ‹አውፋት› ነው፤ ይፋት ማለት ነው። ሌሎቹ ደዋሮ፣ አረባብኒ፣ ሐድያ፣ ሸርኻ፣ ባሌና ዳራ ናቸው። ሁሉም ‹ሐጢ› ብሎ ለሚጠራው ለአምሐራው ንጉሥ ይገብራሉ፤ የአውፋት ሰዎችም ሐበሽኛና ዐረብኛ ይናገራሉ ይላል። የአልመቅሪዚ ድርሰት ርእስ ይህን ያጠነክራል፤ መጽሐፉ ‹በሐበሻ ምድር ስላሉ የእስላም ነገሥታት› የሚል ነው። ለእነዚህ ጸሐፊዎች ሐበሻ ማለት ክርስቲያን ማለት አልነበረም፤ ከዘይላ ወደ ውስጥ ለሚገባ ሁሉ የምድሩ ስም ነበር፤ ሱልጣኑም ሐጢውም በውስጡ ነበሩ።

ለእስላሙ ስሙ የክብር ስምም ነበር። በ615 የነቢዩ ተከታዮች የተሰደዱት ወደ ሐበሻ ነው፤ የተቀበላቸውም ነጃሺ ነው፤ የመጀመሪያው ሙአዚን ቢላል አልሐበሺ ይባላል። ከይፋት ወጥቶ የተጓዘ ሌላ ስምም አለ። የዐረብ ጸሐፊዎች ይህን አካባቢ ‹ጀበርት›ም ይሉት ነበር፤ ካይሮ በአልአዝሃር ለጀበርት ተማሪዎች የተለየ ማደሪያ ነበራቸው፤ ናፖሊዮን ግብጽን ሲወር ያየውና የጻፈው ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አልጀበርቲ (1753–1825) የዚሁ ዘር ነው። ወደ ‹ሐበሻ› ስንመለስ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን የግራኝን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ መጽሐፉን ‹ፉቱሕ አልሐበሻ›፣ የሐበሻ መያዝ፣ ሲለው ስሙ እየጠበበ ወደ ክርስቲያኑ መንግሥት ማዘንበሉ ይታያል። ጦርነት ስምንም ያጠባል።

የ‹ሐበሻ› ሥረ መሠረትስ? የደቡብ ዐረቢያ ጽሑፎች በ3ኛው መቶ ዘመን ገደረት የተባለውን ‹የሐበሸትና የአክሱም ንጉሥ› ይሉታል፤ ስለዚህ ስሙ በጽሑፍ ከኢዛናም ይቀድማል። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ ሐበሸት ከየመን ተሻግሮ የመጣ ነገድ ነው ብሎ የደረሰው ንድፈ ሐሳብ ለረጅም ጊዜ የትምህርት ቤት እውነት ሆኖ ነበር። ኤ. ኬ. ኧርቪን በ1965 ጽሑፎቹን እንደገና መርምሮ ቃሉ አፍሪካ ውስጥ ያለውን ሕዝብ እንደሚያመለክት ተከራከረ፤ ዛሬ ከየመን መጡ የሚለው በአብዛኛው ተትቷል። የግብጽ ንግሥት ሐትሼፕሱት ጽሑፍ ላይ ያለውን ተቀራራቢ ስም ከሐበሻ ጋር ያገናኙም አሉ፤ ማስረጃው ግን ከድምፅ መመሳሰል አላለፈም።

በጣም የተስፋፋው ፍቺ ግን ‹ድብልቅ› የሚለው ነው፤ ይህ ከዐረብኛ ግሥ የተቀዳ የኋላ ዘመን ማብራሪያ ነው። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው መጽሐፉ የአገሩ ሰዎች ይህን ስም እንደማይወዱና መንግሥታቸውን ‹መንግሥተ ኢትዮጵያ› እንደሚሉ ጽፏል፤ መረጃውን የሰጡት የአምሐራው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። አውሮፓ ግን ‹አቢሲኒያ› ማለቱን እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ቀጠለች። ይህ ታሪክ ዛሬም ይታያል። ውጭ አገር ያለው ወጣት ኢትዮጵያዊም ኤርትራዊም ሆኖ ‹ሐበሻ ነን› ሲል አቃፊ ስም አድርጎ ነው፤ አገር ቤት ደግሞ ስሙ የሰሜኑን ብቻ ያጠቃልላል ብለው የማይቀበሉት ብዙ ናቸው። አልዑመሪን ቢያነቡ ሁለቱም ይገረማሉ፤ ሐድያና ባሌ በዝርዝሩ ውስጥ አሉና።

አሁን ብይን ልስጥ። ስሙ ከሱዳን የተወሰደ ነው፣ እውነተኛዋ ኢትዮጵያ ኑብያ ናት የሚለው ክስ ስለ ጥንቱ ልክ ነው፣ ስለ ባለቤትነት ግን አይደለም። ጎልድ ኮስት በ1957 ጋና ስትባል ጥንታዊቷ ጋና በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ወደ ሰሜን ምዕራብ ነበረች። ዳሆሜ በ1975 ቤኒን ስትባል የቤኒን ነገሥታት ከተማ ናይጄሪያ ውስጥ ነበረች፣ ዛሬም አለች። እነርሱ ስሙን የወሰዱት በ20ኛው መቶ ዘመን ነው፤ አክሱም የወሰደችው በ4ኛው። ከዚያ ወዲህ ያልተወውም ይህ አገር ብቻ ነው። የ1923ቱና የ1948ቱ (ዓ.ም.) ሕገ መንግሥቶች ዙፋኑን ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ዘር ጋር በአንቀጽ አሰሩት፤ ዙፋኑ በ1967 ዓ.ም. ሲወድቅ አንቀጹ አብሮ ወደቀ፣ ስሙ ግን ቆመ። ይህ ራሱ ስሙ በአፈ ታሪኩ ላይ ያልተመሠረተ መሆኑን ያሳያል።

ስለዚህ ‹ኢትዮጵያ› በግሪኮች የተሰጠ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የከበረ፣ በኢዛና ድንጋይ የአገር የሆነ ስም ነው። ኢትዮጲስ የስሙ ልጅ እንጂ አባት አይደለም። ‹ሐበሻ› ደግሞ የዚህ አገር መጠሪያ ሆኖ በጽሑፍ በዕድሜ የሚቀድም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ለዘመናት የተጠሩበት ስም ነው። የስማችን ታሪክ በትምህርት ቤት ሲነገር ሁለተኛው የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

ማስረጃውም ሩቅ አይደለም። ፍራንሷ ዣቪየ ፎቬልና በርትራን ኢርሽ የመሩት የፈረንሳይ አጥኚዎች ቡድን በዚህ የይፋት ገደላ ገደል ላይ አስበሪን፣ መሳልንና ኖራን፣ መስጊዶቻቸውንና ግንባቸውን አጥንቷል፤ የዐረብኛ ጽሑፍ ያለባቸውን የወለስማዎች መቃብሮች አንብቦ አሳትሟል። የአክሱም ሐውልቶችን ለማየት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ካለችው ሸዋ ሮቢት አልፎ ይሄዳል እንጂ ወደ ፍርስራሾቹ አይወጣም። የሰሜን ሸዋ ባህልና ቱሪዝም ሰዎች፣ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራንና የአካባቢው ሼኾች ሳይዘገይ አንድ ላይ ተቀምጠው በየቤቱና በየመስጊዱ ያለውን የዐረብኛና የዐጀም (በዐረብ ፊደል የተጻፈ የአገር ቤት ቋንቋ) ጽሑፍ ይመዝግቡ፤ ሽማግሌዎች ስለ ይፋት፣ ስለ ጀውሃና ስለ አርጎባ ስም የሚሉትንም በድምፅ ይቅረጹ።